በመላዝ ግቢ የቆመችው ጀልባ

ባባ ጀልባ ሊገዙ መሆኑን የነገሩኝ ምሳ እያቀረብኩላቸው ነው። ሸራ ያላት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ በነፋስ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ። ሳህኑን እንደያዝኩ አየኋቸው። ያለነው ሪያድ ነው። እዚህ ከተማ ውሃ ማለት በቦቴ መኪና መጥቶ ታንከር ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ ባሕር ለማየት የግማሽ ቀን መንገድ መንዳት ያስፈልጋል።

«አሸዋ ላይ ሊነዷት ነው ባባ?» አልኳቸው።

ሳቁ። በእኔ ነገረኛ አፍ መሳቅ ይወዳሉ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያናግራቸው ሰው ስለሌለ ይመስለኛል። ባባ የምላቸው አሠሪዬን ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ መላዝ በሚባለው ሰፈር ባለው አሮጌ ቤት እሳቸውና እኔ ብቻ ቀረን። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሱለይማኒያ ሰፈር ይኖራል። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል፣ ይበላል፣ አባቱን ይቆጣል፣ ይሄዳል። ባባ ተወልደው ያደጉት በምሥራቁ ባሕር ዳር ነው፤ አባታቸው በሸራ ጀልባ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። አሁን በስተርጅና ያ ነገር ተነሳባቸው።

ጭቅጭቁ አዲስ ይገዛ ወይስ አሮጌ የሚል ነበር። ልጃቸው አዲስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ባሕር ዳር ካለ ሱቅ የተላከለትን ፎቶ ስልኩ ላይ ያሳየናል፦ ነጭ፣ የምታብረቀርቅ፣ ሸራዋ ገና ከማሸጊያው ያልወጣ። ባባ ደግሞ ልባቸው አንዲት አሮጌ ጀልባ ላይ ነበር። ባለቤቷ ጎረቤታችን የሆነ ሱዳናዊ ሐኪም ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊገባ ስለነበር «ወስደው ይዩዋት፣ ከወደዷት ያስቀሯት» ብሎ በተጎታች አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ ከተምሩ ዛፍ ሥር አቆማት። ቀለሟ ተልጧል፣ ሆዷ ላይ እንደ ልብስ የተጣፈ ቦታ አለ፣ ምሰሶዋም ትንሽ ዘመም ብሏል።

አንድ አርብ አባትና ልጅ ሲከራከሩ ቆይተው ባባ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ቢንቲ? የትኛዋ ትሻላለች?» ቢንቲ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ እንዲያ ነው የሚጠሩኝ።

«አሮጌዋ» አልኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የተናገረው።

ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። «ይቺ ደግሞ ስለ ጀልባ ምን ታውቃለች?»

እውነቱን ነው፣ ስለ ጀልባ ምንም አላውቅም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳፈርኩት። ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

ከወሎ ስነሳ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነበርኩ። እሱ በቅርቡ ያገባ ጎረምሳ፣ እኔ ገና ልጅ እግር። ደላሎች በረሃውን አሻግረው ጅቡቲ ውስጥ ካለ ራቁቱን የቀረ የባሕር ዳርቻ አደረሱን። ወደ የመን የሚያሻግሩ ሁለት ጀልባዎች ቆመው ነበር፤ አንዷ አዲስ፣ ሰማያዊ ቀለሟ ገና ያልደበዘዘ፣ ትልቅ ሞተር ያላት፤ ሌላዋ አሮጌ፣ ሆዷ ውስጥ ገና ሳይሳፈሩባት ውሃ የቋጠረች። ሰው ሁሉ አዲሷ ላይ ተረባረበ። እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ጀልባ አይተን አናውቅም። እንደ መኪና ነው የቆጠርነው፤ አዲስ ከሆነች ደህና፣ አሮጌ ከሆነች መንገድ ላይ የምትቆም። ስንት ሰው ተጭኖባታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ለነገሩ እኛ አገር አውቶቡስስ መቼ ሞላ ተብሎ ያውቃል?

ወንድሜ በክንዱ እየገፋ መንገድ ከፍቶልኝ አዲሷ ላይ አወጣኝ። የጀልባው ሰው ግን ሻርፔን ይዞ ጎተተና «ሴቶች ወደዚያ!» ብሎ ወደ አሮጌዋ ገፋኝ። ወንድሜ አብሬያት ልውረድ ብሎ ታገለ፤ የተጠቀጠቀው ሰው አላሳልፍ አለው። ሲያቅተው የውሃ መጠጫ አድርጎ የያዛትን፣ አፏ በቢላ የተቆረጠች ቢጫ ጀሪካን ከሰው ራስ በላይ አድርጎ አቀበለኝ።

«ይቺን ያዢ፣ የናንተዋ ታፈሳለች» አለኝ።

«አንተስ?»

«የኛ አዲስ ናት፣ ለኛ ምን ያደርግልናል! ደረቅ ልብስ ይዤ ማዶ እጠብቅሻለሁ።»

እየሳቀ ነው ያለኝ። አዝኖልኛል፤ እኔ እንደምበሰብስ፣ እሱ ደርቆ እንደሚሻገር ነበር ያሰበው።

አመሻሽ ላይ ተነሳን። የኛዋ ከሥር ታፈሳለች፣ ከላይ ማዕበሉ ይረጫታል። እስኪነጋ ውሃ ስጨልፍ አደርኩ። የተቆረጠው የጀሪካኑ አፍ መዳፌን ሸረከተው፤ ጨው ሲገባበት እጮህ ነበር፤ ባቆም ግን የጀልባው ሰው በዱላ ይለኛል። የአዲሷ ሞተር ድምፅ ለተወሰነ ጊዜ ጎናችን ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ጠፋ። አንዷ ሴትዮ «ሄዱ እኮ፣ አዲስ አይደለች፣ ጥላን በረረች» ብላ በምቀኝነት ተነፈሰች። እኔም ቀናሁ።

ማለዳ የመን ዳርቻ ስንደርስ ከአዲሷ ጀልባ ማንም የለም። ሌላ ቦታ ወርደው ይሆናል አሉን። ወታደር ይዟቸው ይሆናል አሉ። ወንድሜን ሞቶም ያየው የለም፣ በሕይወትም ያየው የለም። ያቺን ጀሪካን እዚያው አሸዋ ላይ ወርውሬያት እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ተቀመጥኩ።

እዚህ ከደረስኩ ወዲህ ወንድሜ ሪያድ ሙሉ ሆነብኝ። ፎቅ በሚሠራበት ቦታ ስሚንቶ ተሸክሞ ጀርባውን የሰጠኝ ሁሉ እሱ ነው። ራውዳ ሰፈር ተቀጥሬ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ቀን ከቤቱ ትይዩ ባለው ሱቅ ዳቦ የሚገዛ ሰው ድምፅ ሰማሁ፤ የእሱ ሳል፣ የእሱ «እሺ እሺ» አባባል። የምጠብቀውን የዚያን ቤት ሕፃን ትቼ ተከተልኩት። መንገድ ተሻግሬ እጅጌውን ያዝኩት። ዞሮ ሲያየኝ ጠይም፣ ደግ ፊት ያለው የጅማ ልጅ ነው። «እህቴ፣ ሰው ተሳስተሻል» አለኝ። ከዚያም ፊቴን አይቶ «ማንሽ ነው የጠፋው?» አለ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

አገር ቤት ግን ሁሉም ስለ እሱ የሚጠይቀው እኔን ነበር። እናቴ ስትደውል ሰላምታዋ ሳያልቅ «ወሬው አለ?» ትላለች። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚቀድመው። አንዳንዴ ስልኩ ተዘግቶ እኔ እንዴት እንደሆንኩ እንዳልጠየቀችኝ ትዝ ይለኛል፤ ይከፋኛል፣ ደግሞ በመከፋቴ አፍራለሁ። ቆይቶ አጎቴም ይደውሉ ጀመር። የወንድሜን ሚስት ሌላ ሰው ለትዳር ጠይቋታል። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ «ካለ እጠብቀዋለሁ፣ ከሌለም ቁርጡን ንገሩኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ እሱ በሌለበት ሶላት ሰግደው ሊሸኙት ይፈልጋሉ፤ ግን አስከሬን የለም፣ አብሮት የነበረ ሰው ደግሞ ከእኔ ሌላ የለም።

«የአንቺን ቃል ነው የምንጠብቀው ልጄ» አሉኝ አጎቴ። «ያየ ሰው ይናገራል፤ ያላየ ሰው መርዶ አይነግርም። አንቺ ምን አየሽ?»

ምን አየሁ? አንዲት አዲስ ጀልባ ጥላን ስትሄድ። ይህ መርዶ ነው? ሄጄ እናቴ እግር ሥር ተቀምጬ ልንገራት እንዳልል ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም፤ አንድ ጊዜ ከወጣሁ መመለስ የለም፣ የእናቴን ቤት ደግሞ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። «ኢንሻአላህ፣ ወሬ ይገኝ ይሆናል» እያልኩ አሳደርኩት። የወንድሜን ሚስት ወጣትነት እኔ ምላስ ላይ አስሬ እንደያዝኩት አውቃለሁ። ግን በገዛ አፌ ገድዬው ነገ በር ቢያንኳኳስ?

እንዲህ እያለሁ ነው ጀልባዋ ግቢያችን የገባችው። አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲነሳ የሸራዋ ገመድ ምሰሶውን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። ባባ ደስ ይላቸዋል፤ ወንበራቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል። እኔ ልብስ ላሰጣ ስወጣ በዚያ በኩል ላለማለፍ ግድግዳ ግድግዳውን እዞራለሁ። ባባ ከፀሐይ እንድትጠለል ብለው አሮጌ አንሶላ አልብሰዋት ነበር። አንሶላው በነፋስ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ ሥሩ ሰው ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስላል። ፈራኋት። በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከባሕር ርቄ፣ ሰው እንዴት ጀልባ ይፈራል? እኔ ግን ፈራሁ። አንድ ቀን አንሶላውን ገልጬ ውስጧን አየሁ። ከደረቀ የተምር ቅጠል በቀር ምንም የለባትም። «ምን ልታገኚ ነበር?» ብዬ ራሴን ሰደብኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ባባ የሚወስኑበት ቀን ሲደርስ ፈተና እናድርግላት አሉ። የአባታቸው ዘዴ ነው። ጀልባ ማፍሰሷን ለማወቅ የግድ ባሕር ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ሆዷን ውሃ ሞልተሽ ከውጭ የት የት እንደምታንጠባጥብ ታያለሽ። የጎረቤቱ ዘበኛ አግዞን ከተጎታቹ አውርደን አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀመጥናት። ባባ የውሃውን ቱቦ ከቧንቧው ጋር አገናኝተው ጫፉን ለእኔ ሰጡኝ።

«ያላ ቢንቲ፣ በይ ሙዪያት።»

ቱቦውን ይዤ ቆምኩ። ውሃው መጀመሪያ ቅጠሎቹን አነሳ፣ ከዚያ መቀመጫውን ነካ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ መጣ። ጀልባ ውስጥ ውሃ ሲያድግ ያየሁት አንዴ ነው። ቱቦውን ግን አልለቀቅኩም። ባባ በእንብርክካቸው ሆነው በጣታቸው ሆዷን ይዳብሳሉ። ድንገት እንደ ልጅ ጮሁ። «አገኘሁት! እዚህ ነው፣ ከተጣፈው አጠገብ! ኸላስ፣ ይበቃል፣ ዝጊው!»

ደስ አላቸው እንጂ አልከፋቸውም። «ጉዷን ነገረችን» አሉ። «የአሮጌ ደጉ ነገር እሱ ነው። አሁን ውሃውን እናውጣ።» ከዚያም ወደ ማድ ቤት ገብተው የበረኪና ጀሪካን በቢላ ቆርጠው ይዘው መጡ። አቀበሉኝ። «ተምሯ ትጠጣው፣ አይባክን።»

ጀሪካኑን ስይዘው እጄ አወቀው። እኔ ሳልነግረው ጎንበስ አለ፣ ጨለፈ፣ ደፋ። ጎንበስ፣ ጨለፍ፣ ደፋ። የተምሩ ሥር ጭቃ ሆነ። ባባ «በቀስታ፣ ማን ያሯሩጥሻል?» ይላሉ፤ እኔ ማቆም አልቻልኩም። እየጨለፍኩ ሳለ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ያላየሁት ነገር። እኛ የተረፍነው ስለጨለፍን ነው። ከላይ የሚገባ ማዕበል አዲስ አሮጌ አይልም። እነ ወንድሜ እስከ አፏ ተጭነው ነበር፤ እጃቸውን እንኳ የሚያንቀሳቅሱበት ቦታ አልነበራቸውም። መጨለፊያም አልነበራቸውም። ለምን ብለው ይይዛሉ፣ ጀልባዋ አዲስ ናት። የነበረቻቸውን አንዷን እሱ ለእኔ ሰጠኝ።

«ሞቷል» አልኩ በአማርኛ።

ባባ አማርኛ አይሰሙም፤ ፊቴን ግን አዩ። ጀሪካኑን ከእጄ ሊወስዱ ሞከሩ፣ አልሰጥም አልኳቸው። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና በተሰባበረ አረብኛዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለቱን ጀልባዎች፣ ሰማያዊውን ቀለም፣ «ማዶ እጠብቅሻለሁ» ያለኝን። ይህን ሁሉ ጊዜ በባሕር መምጣቴን እንኳ አያውቁም ነበር። አብረውኝ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ለሳቸው ጉልበት ቀላል ነገር አይደለም። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው። ሌላ ምክር አልሰጡኝም፤ እሱን እወድላቸዋለሁ። ውሃው እስኪያልቅ ተቀባብለን ጨለፍን።

በማግስቱ ለአጎቴ ደወልኩ። መርዶ እኛ ዘንድ በስልክ ለሐዘንተኛው አይነገርም። ሽማግሌ ያውቃል፣ ጎረቤት በድብቅ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ሄደው ሰው ደግፎ ይዞ ይነግራል። «አጎቴ፣ ወንድሜ የለም» አልኳቸው። «እንዴት አወቅሽ?» አሉ። ስለ ጀሪካኑ ነገርኳቸው። «ይበቃል» አሉ። «ነገ ማለዳ እንሄዳለን። አንቺ ስልክሽን ዝጊ፣ ለቅሶው እስኪወጣ እናትሽን አታናግሪያት።»

በማግስቱ ማለዳ የባባን ቁርስ እያዘጋጀሁ እነሱ ያን ጊዜ የእናቴን በር እያንኳኩ እንደሆነ አሰብኩ። እንቁላሉ አረረብኝ። ማድ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ አለቀስኩ፤ ማልቀስ እንደምችል ረስቼው ነበር። የሚገርመው ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ጀርባውን የሰጠኝ ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ሆነ። እፎይታ ነው እንዳልል፣ ሪያድ ባዶ ሆነችብኝ። ሞቶም ቢሆን አብሮኝ ይኖር ነበር።

ባባ በመጨረሻ የገዙት አዲሷን ነው። አሮጌዋ ከባድ ናት፤ የተጣፈውን ማደስ፣ ገመዷን መሳብ ለጉልበታቸው አይሆንም፤ ልጃቸውም እውነት ነበረው። ሐኪሙ አሮጌዋን ወሰደ፣ ግቢው ውስጥ የጎማዎቹ ምልክት ብቻ ቀረ። አዲሷን ልጁ በተጎታች ይዞ መጥቶ ወደ ባሕር ከመውሰዱ በፊት ሊያሳየን በር ላይ አቆመ። ነጭነቷ ዓይን ይወጋል። እኔ ያቺን የበረኪና ጀሪካን ይዤ ወጣሁና በገመድ ከምሰሶዋ ሥር ማሰር ጀመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ልጁ። «አዲስ እኮ ናት፣ አታፈስም። ምን ያደርግላታል?»

እጄ ገመዱ ላይ ቆመ። ባባ ከበሩ ሆነው «ተዋት» አሉት፣ ልጃቸውን እንዲህ ቆጣ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ትሰር።» ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት፣ ሳብ አድርጌ አየሁት፣ ጠበቀ።

ለቅሶው ከወጣ በኋላ እናቴ ራሷ ደወለች። የወንድሜ ሚስት የሐዘን ወራቷን መቁጠር እንደጀመረች ነገረችኝ፤ ሶላቱ እንደተሰገደ፣ ሰው ብዙ እንደመጣ። ድምጿ ሰልሏል። እንደ ልማዷ «ወሬው አለ?» አላለችም።

«ያቺ ጀሪካን» አለች። «የት አለች?»

«ጣልኳት እማ። የመን፣ አሸዋው ላይ።»

«ምነው ይዘሽልኝ ብትመጪ ኖሮ። የምቀብረው የለኝም።»

ሁለታችንም አለቀስን። መዳፌን ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ጠባሳው አውራ ጣቴ ሥር ነጭ ሆኖ አለ። ለምን እንደጣልኳት ልንገራት ብዬ «እጄን ቆርጣው ነበር እማ፣ መያዝ አቃተኝ» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማ?» አልኩ።

«እስኪነጋ ስትጨልፊ አደርሽ?» አለች።

«አዎ።»

«ልጄን» አለች፤ ስለ እሱ እየተናገረች መስሎኝ ነበር። «ልጄን፣ እጅሽ ዳነ?»